የኦበርን ጉጉቶች እስኪመለሱ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሲያትል ውስጥ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር ባለው የኮሚኒቲ አዳራሽ የምሳ ግብዣ አዘጋጁልኝ። ሽማግሌያችን አባባ ወርቁ ማይክሮፎን ይዘው ተነሡና፣ "ወንድማችን መኮንን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል ውስጥ ስንቱን በሽተኛ ከሞት አፋፍ የመለሰ ሰው ነው" ብለው አስጨበጨቡልኝ። ባለቤቴ አስናቀች በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ልጄ ሩት ሳቋን ለመደበቅ ናፕኪን አፏ ላይ ያዘች። በሽተኞቼ ወፎች እንደነበሩ ከነሱ ከሁለቱ በቀር በዚያ አዳራሽ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጥፋቱ የኔው ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ሰው "የት ገባህ?" ሲለኝ "ሆስፒታል" እል ነበር። ውሸት አይደለም፤ የታመመና የቆሰለ የዱር ወፍ የሚታከምበት ጣቢያ ነው፣ ፈረንጆቹም ሆስፒታል ይሉታል። "ነርስ ሆንክ ማለት ነው?" ሲሉኝ ደግሞ "እንደዚያ በሉት" እያልኩ አልፋለሁ። ዲግሪ ይዞ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ወፍ ያበላል ከምባል ብዬ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይዘው መጡና፣ "እስቲ እየው ልጄ፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?" አሉኝ። ያን ቀን ላብ አጠመቀኝ።

በግብዣው ዕለት ግን ተነሥቼ ማይክሮፎኑን ተቀበልኩ። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሽተኞቼ ወፎች ነበሩ" አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አባባ ወርቁ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና፣ "ወፍስ ብትሆን የእግዜር ፍጥረት አይደለችም? ምን ያሳፍርሃል?" አሉኝ። ቀጥለውም ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ "ጉጉትም ታክም ነበር?" ብለው ጠየቁ።

"በተለይ ጉጉት" አልኳቸው።

ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች አማተቡ። ይህን ለመጻፍ የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የደበቅኩት ሥራ የምኮራበት ሥራ ነው። አንዲት ጉጉት ደግሞ በእጄ ሞታብኛለች፤ እሷም ሳትነገር መቅረት የለባትም።

ወደ ጣቢያው የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ከዚያ በፊት ኤርፖርት አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ጠብቄአለሁ፣ ከሲያትል በስተደቡብ ባለችው በኦበርን ከተማ መጋዘን ውስጥም ካርቶን ደርድሬአለሁ። የወለል ጠራጊው ደመወዝ ከመጋዘኑ ያንስ ነበር፤ ጀርባዬ ግን ዕረፍት ፈልጎ ስለነበር ተቀበልኩ። አለቃችን ሚቲንግ የሚወድ ረዥም ሰውዬ ነበር፤ ስለሱ ይህችው ትበቃለች። ሥራውን ያስተማሩኝ ሚስ ማርጋሬት ናቸው።

ሚስ ማርጋሬት ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ቀጭን፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ ከኪሳቸው እርሳስ የማይጠፋ ሴት ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው "ማርጋሬት ብቻ በለኝ" ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን አንድም ቀን አልሆነልኝም። የመጀመሪያው ትምህርቴ ዝም ማለት ነበር። ጠዋት መጥረጊያዬን ይዤ ወፎቹ ወዳሉበት ክፍል ስገባ፣ እንደ አገራችን ወግ፣ "እንደምን አደራችሁ? ደህና ናችሁ? አንተስ፣ ክንፍህ ተሻለህ?" እያልኩ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን ሚስ ማርጋሬት እጄን ይዘው ወደ ኮሪደር አወጡኝ።

"ማንን ነው የምታናግረው?"

"ሰላም እያልኳቸው ነው።"

"ለነሱ ድምፅህ የአውሬ ድምፅ ነው" አሉኝ። "ሊበላህ የሚችል አውሬ በርህ ላይ ቆሞ ደህና አደርክ ቢልህ ደስ ይልሃል?"

ሰላምታ ሳልሰጥ ክፍል መግባትን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። እስከዛሬም ቤቴ ስገባ አንዳንዴ ዝም ብዬ እገባለሁ፤ አስናቀች "ምን ሆነሃል፣ ተጣላን እንዴ?" ትለኛለች።

ሌላው ልማዳቸው እጅ ነው። ወፍ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሞቀ ውኃ ይታጠባሉ፣ ያደርቃሉ፣ ከዚያ ብብታቸው ሥር ይዘው ይቆያሉ። ወፍ የያዘ ሣጥን ሲመጣላቸው ወዲያው አይከፍቱም። አጠገቡ ቆመው፣ ሰዓታቸውን እያዩ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ያዳምጣሉ፤ ትንፋሿን፣ የጥፍሯን መፋቅ፣ ዝምታዋንም ጭምር። ከፍተው ካወጧት በኋላ በጨርቅ ከረጢት አድርገው ይመዝኗታል። ቀጥለው አውራ ጣታቸውን የደረቷ አጥንት ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የጠገበች ወፍ አጥንቷ በግራና በቀኝ በሥጋ የተሞላ ነው። የራባት ወፍ አጥንቷ እንደ ቢላዋ ጀርባ ወጥቶ ይዳሰሳል። "ዓይንህን ላባው ያታልለዋል፤ በአውራ ጣትህ እይ" ይሉኝ ነበር። ቁጥር የሌለው ደረት አስዳሰሱኝ። በመጨረሻ ክብደቷን ሚዛኑ ላይ ሳላይ መገመት ቻልኩ፤ ስገምት ደግሞ አልሳሳትም ነበር። ይህን ስጽፍ ጉራ መሆኑ ይታወቀኛል፤ ይሁን።

እያንዳንዱ ወፍ ካርድ አለው። ከየት መጣ፣ ማን አመጣው፣ ምን አገኘው፣ ምን ሰጠነው፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ሚስ ማርጋሬት ካርዱን በእርሳስ ነበር የሚጽፉት፣ ከቤት ውጭ ሲሠሩ እስክሪብቶ በብርድ ስለሚቆም። ሕጋቸውም አጭር ነበረች። "የምታውቀውን ጻፍ፤ የምትገምተውን ተው" ነው የሚሉት። በአራተኛው ዓመት መጥረጊያውን አስቀምጬ፣ የወፍ ሕክምናውን ፈተናም ፈቃድም ጨርሼ፣ ነጭ ጋዋን ሳይሆን አረንጓዴ ሽርጥ ለበስኩ።

እዚህ ላይ ስለ ክረምት ልንገራችሁ። ክረምት ስል የኛን የሐምሌ ዝናብ ማለቴ አይደለም፤ የዚህን አገር የጥርና የየካቲት ብርድ ነው። ሲያትል ዝናብ እንጂ በረዶ አታውቅም። በዓመት አንዴ ሁለቴ ይጥልና በሁለተኛው ቀን ይቀልጣል፤ ልጆች ደስ ይላቸዋል፣ መኪናው ሁሉ ኮረብታ ላይ ይንሸራተታል፣ ያልቃል። ወፎቹም ይህንኑ ለምደው ነው የሚኖሩት። ችግሩ በረዶው አልሄድም ያለ ዓመት ነው።

በሥራዬ አሥራ ስድስተኛ ዓመት ከገና በፊት ጀምሮ ጣለ፤ በላዩ ቀዘቀዘ፤ በቀዘቀዘው ላይ ደግሞ ጣለ። ሰው አበባ የምትመጥ ጣት የማታክል ወፍ በየደጁ ለወፍ በሚሰቀለው የስኳር ውኃ ጠርሙስ ላይ ደርቃ አግኝቶ በመዳፉ ይዞልን ይመጣል። ከአውራ ጣት የማይበልጡ ግራጫ ወፎች አንድ ቅርንጫፍ ላይ አሥርና አሥራ ሁለት ሆነው ተጣብቀው ያድራሉ፤ መሐል ያሉት ይተርፋሉ፣ ጫፍና ጫፍ ያሉት ጠዋት በረዶው ላይ ናቸው። ሐይቆቹ ዳር ዳሩን ሲቀዘቅዙ ዓሣ አጥማጆቹ ትልልቅ ወፎች ባዶ ሆዳቸውን ቆመው ይውላሉ። ብርድ ብቻውን ወፍ አይገድልም፤ ላባ አላት። የሚገድላት ብርድ ከረሀብ ጋር ሲሆን ነው።

ከሁሉ የከፋው በጉጉቶቹ ላይ ነበር። የምላቸው እነዚያን ፊታቸው ነጭ የሆነውን፣ በድርቆሽ ቤት ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን ነው። ጉጉት የሜዳ አይጥ የምትይዘው ኮሽታዋን ሰምታ ነው። ሜዳው በረዶ ሲለብስና በረዶው ሲጠጥር፣ አይጧ ከሥር እንደ ልቧ ትሯሯጣለች፤ ጉጉቷ ከላይ ትራባለች። ይህች ዓይነት ጉጉት ደግሞ ገላዋ ላይ ስብ አታጠራቅምም። ጥቂት ቀን ትችላለች፣ ከዚያ በኋላ ከአጥር እንጨት ላይ ትወድቃለች።

አስናቀች ስለ ጉጉት ያላት አቋም ከመጀመሪያውም የታወቀ ነበር። "ጉጉት የነካህበትን ልብስ ቤቴ አታስገባም፣ ጋራዥ አውልቅ!" ትለኛለች። ፌደራል ዌይ በሚባለው ከተማ አዛውንቶች ቤት እየሄደች የምትንከባከብ ሴት ናት፤ ሞት አይታ ታውቃለች፤ ጉጉት ግን አይሆንላትም። ሩት ልጅ እያለች "Mom, it's just a bird" ብላት፣ "ጀስት በርድ ትለኛለች! ዝም ብሎ ወፍ! አያትሽ ይህን ቢሰሙ!" ብላ ቀኑን ሙሉ አኩርፋለች። እኔም እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዋን ጉጉት ስይዝ በልቤ ጸሎት እያደረስኩ ነበር።

የገና ማግስት ጠዋት ነው። አርባ ሦስቱን ቀን ጾሜ ከፈታሁ ገና አንድ ቀኔ ነው። መንገዱ ስለተዘጋ መኪናዬን ትቼ በባቡር ሄድኩ፤ ከባቡሩ ወርጄ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ በረዶ እየረገጥኩ ደረስኩ። ሚስ ማርጋሬት ቤታቸው ኮረብታ ላይ ስለነበር መውጣት አልቻሉም። አለቃችንም አልመጣም። ጣቢያው ውስጥ እኔ ብቻዬን ነኝ።

ረፋዱ ላይ ጎማው በሰንሰለት የታሰረ ጭነት መኪና በር ላይ ቆመ። የወረዱት ሰው ሚስተር ኬን ነበሩ። ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ኦበርን አጠገብ የአባታቸውን እርሻ ይዘው የቀሩ ገበሬ ናቸው፤ ዙሪያቸውን መጋዘን ሲከባቸው እሳቸው እምቢ ብለው የቀሩ። ካርቶን ሣጥኑን ከመቀመጫው ላይ እንደ ሕፃን አቅፈው አወረዱት።

"ወንዱን ጉጉት ትናንት ሞቶ አገኘሁት" አሉኝ። "ሴቷ ይህች ናት። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የአባቴ ድርቆሽ ቤት ጉጉት አጥቶ አያውቅም። አድናት።"

"የምችለውን አደርጋለሁ" አልኳቸው፤ መንገዱ ሳይብስ ተመለሱ።

እጄን አሞቅሁ፣ ደቂቃዬን ቆጠርኩ፣ ከፈትኩ። አውራ ጣቴ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ክፉ ነገር ነገረኝ። ምንም ሥጋ የለም፤ እግሯ ይቀዘቅዛል፤ ቆዳዋን ቆንጠጥ ሳደርገው ተነሥቶ ቀረ፣ ማለት ውኃዋ አልቋል። ወደ ሚስ ማርጋሬት ደወልኩ።

"መጀመሪያ ሙቀት" አሉኝ። "ስትሞቅ ደግሞ ለብ ያለ ፈሳሽ በቱቦ፣ ጥቂት ጥቂት። ምግብ የለም። እኔ እስክመጣ ምግብ የለም፣ ሰማኸኝ?"

"ሰምቻለሁ።"

ማሞቂያ ሣጥኑ ውስጥ አስገባኋት። እኩለ ቀን ገደማ ዓይኗን ከፈተች። እግሯ ገና አልሞቀም ነበር፤ ነገር ግን ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ አየችኝ፣ ምንቃሯንም አንዴ ቀጭ አደረገች። ራበኝ ያለችኝ መሰለኝ። እኔ ያደግኩት እንግዳ ቤቱ ገብቶ እህል ሳይቀምስ በማይወጣበት፣ "በቃኝ" ቢል እንኳ በግድ በሚጎረስበት ቤት ነው። የራበው ዓይን እያየኝ ሙቀቷን እየለካሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች አልኩ። ለወፎቹ ምግብ ከፍሪዘር ወጥተው ከሟሙት አይጦች አንዷን አነሣሁና በወረንጦ አቀረብኩላት። ተቀበለችኝ፤ ዋጠቻት። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰዓት ተኩል ያህል ቆይታ አንገቷን ደፋች። የቀዘቀዘና የደረቀ ገላ ምግብ መፍጨት አይችልም፤ ያለችውን የመጨረሻ ጉልበት ሆዷ ወሰደው። ቀኑ ሳይመሽ በእጄ ላይ ሞተች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህን እኔ የማላውቀው ነገር አለመሆኑ ነው። እናቴ ጾም በተፈታ ቁጥር፣ ለፋሲካም ለገናም፣ ተልባ ሳንጠጣ ሥጋ ያለበት ወጥ አታስነካንም ነበር። "የጾመ አንጀት በተልባ ይለስልስ፤ ሥጋው የትም አይሄድም" ትል ነበር። በዋናው የገና ዕለት ጠዋት አስናቀች ለእኔ ለራሴ ተልባ በብርጭቆ ሰጥታኝ ነበር። ለራሴ አንጀት የማውቀውን ለጉጉቷ ነፈግኳት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልነበረኝም።

በማግስቱ ሚስ ማርጋሬት ሲመጡ ካርዱን ጽፌ ጨርሼ ነበር። የሞት ምክንያት በሚለው ቦታ "ብርድ" ብዬ ነበር የጻፍኩት። አነበቡት፣ እኔንም አዩኝ።

"ምን ሰጠሃት?"

"አንድ አይጥ።"

አልተቆጡም። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። "ሳትበላም ልትሞት ትችል ነበር። ያንን አናውቅም" አሉኝ። "የምናውቀው የሰጠሃትን ነው።" እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ።

ያንን ቃል አጥፍቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ገላዋ ሳይሞቅ፣ ፈሳሽ ሳታገኝ፣ እንዳይሰጣት ተነግሮኝ ሳለ ምግብ ሰጠኋት። ከሥሩ ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ስም አኖርኩ።

ለሚስተር ኬን ግን ይህን ለመናገር ወኔ አጣሁ። ደወልኩላቸውና፣ "ሚስተር ኬን፣ አልቻለችም። ብርዱ በርትቶባት ነበር" አልኳቸው። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። እሳቸውም "እሺ። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ" ብለው ዘጉ። በማግስቱ ሕመም ይዞኝ ሁለት ቀን ቀረሁ፤ ሕመሙ የገላ አልነበረም።

በዚያው ክረምት ሌሎች ሁለት ጉጉቶች መጡልን። ሁለቱንም እኔው ያዝኳቸው፤ መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ፈሳሽ፣ ቀጥሎ በጣም የላላ ምግብ፣ በመጨረሻ ሥጋ። ሁለቱም ድነው ወጡ። ለአዲስ በጎ ፈቃደኞችም እንዲህ እያልኩ ማስተማር ጀመርኩ፦ በአገሬ ብዙ ቀን የጾመ ሰው ተልባ ሳይጠጣ ሥጋ አይበላም። ፈረንጆቹ ቃሉን ወደዱት። ዛሬ በዚያ ጣቢያ አንድ ሰው "ተልባዋን አግኝታለች?" ብሎ ሲጠይቅ የሚስቅ የለም፤ ፈሳሿን ወስዳለች ወይ ማለቱ ነው።

በረዶው ቀልጦ የካቲት ሲገባ አለቃችን ጠራኝ። ኦበርን ባለችበት ሸለቆ ውስጥ በየእርሻው የተሰቀሉ የጉጉት ሣጥኖች አሉ፤ በየዓመቱ በሚያዝያ ነዋሪ አላቸው የላቸውም ተብሎ ይታያሉ። የሚያየው ሰው ለቆ ነበር። "ሚስተር ኬን አንተ እንድትሆን ጠይቀዋል፤ በስምህ" አለኝ። ደነገጥኩ። አላወቁም፣ ላድናት የደከምኩ መስሏቸው ይሆናል አልኩ። እምቢ ለማለትም አፍ አልነበረኝም።

የመጀመሪያው ሚያዝያ የቀብር ጉዞ ነበር። በአንዱ እርሻ መሰላል አቆማለሁ፣ እወጣለሁ፣ ሸረሪት ድር። በሌላው፣ ያለፈው ዓመት አቧራ። ጉጉት የበላችውን አይጥ ጸጉሩንና አጥንቱን ጠቅልላ ትተፋዋለች፤ ሣጥኑ ሥር የተተፋው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ አዲስ ነው፣ ግራጫና የሚፈረፈር ከሆነ አሮጌ ነው። ያን ዓመት ያገኘሁት ሁሉ ግራጫ ነበር። ከሸለቆው ጫፍ አንዲት ጥንድ ብቻ ተርፋለች።

ያቺን ጥንድ ነው የተከታተልኩት። በሚቀጥለው ዓመት ሣጥኗ ውስጥ ስድስት ጫጩት አገኘሁ። ጠላቱ ጠፍቶ የሜዳ አይጡ በዝቶ ነበርና ምግብ ሞልቷል፤ ጉጉት ደግሞ ምግብ ሲሞላ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ልጆቿ ሲጎለምሱ ከናታቸው ጋር አይቀመጡም፣ ይበተናሉ፤ በሦስተኛው ዓመት ሁለት ሣጥን ሞላ፣ በአራተኛው አራት። እነዚያ ከአውራ ጣት የማይበልጡት ወፎች ቀድመው ነው ያገገሙት፤ በሦስተኛው ዓመት ቅርንጫፉን መልሰው ሞልተውት ነበር። የጉጉቶቹ መመለስ የዘገየ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት በየመሰላሉ ላይ ለራሴ እለው ነበር።

የሚስተር ኬን ሣጥን ግን ባዶ ነው። እርሻቸው በመጋዘኖችና በአውራ ጎዳናው መሐል ቀርቷል፤ ጉጉት ዝቅ ብላ ስለምትበር ጎዳናውን ስትሻገር የጭነት መኪና ይመታታል። በየሚያዝያው እሄዳለሁ። እሳቸው መሰላሉን ይይዙልኛል፣ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ "ባዶ ነው" እላለሁ። "እሺ" ይሉና ከጓሯቸው ለቅመው ያከረሙትን ፖም በከረጢት አድርገው ይሰጡኛል። ያንን ፖም አስናቀች ትወደው ነበር፤ እኔ ግን አንዱን እንኳ በደስታ አልበላሁም።

ልጆቻቸው መሬቱ ይሸጥ ብለው ይዘዋቸው ነበር። አንድ ጊዜ እኔ ባለሁበት ትልቁ ልጃቸው፣ "አባባ፣ ጉጉት የሌለበትን የጉጉት ቤት ለማን ብለህ ነው የምታቆመው?" አላቸው። ሚስተር ኬን እኔን ነው ያዩት፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያ ቤት ሲፈርስ ያፈረስኩት እኔ እሆናለሁ የሚል ሐሳብ ያን ቀን ገባብኝና አልወጣ አለ።

ሚስ ማርጋሬት በዚህ መሐል ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ እንደኛ አገር ሰው ጮኼ አለቀስኩ፤ ፈረንጆቹ ዞረው አዩኝ፣ ግድም አልሰጠኝም።

ሰባተኛው ሚያዝያ የመጨረሻዬ ነበር፤ ጡረታዬ አንድ ወር ቀርቶታል። ሚስተር ኬን አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ መሰላሉን መያዝ አይችሉም። ገና ከድርቆሽ ቤቱ በር ስገባ ወለሉ ላይ አየሁት፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ያልደረቀ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁትና መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ከላይ ከማገሩ ላይ እናቲቱ ነጭ ፊቷን አዙራ ታየናለች።

ወጣሁ። ሣጥኑ ውስጥ እንደ እባብ የሚፋጩ፣ ገና ነጭ ለስላሳ ላባ የለበሱ ጫጩቶች ተጨናንቀዋል። ወርጄ "አምስት" አልኳቸው በሹክሹክታ።

ሚስተር ኬን የድርቆሹ ክምር ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው ወረደ፤ የኔም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ ከአሁን በኋላ ጊዜ የለኝም ብዬ፣ ተናገርኩት።

"ሚስተር ኬን፣ ያቺን ያመጡልኝን ጉጉት ብርድ አልገደላትም። እኔ ነኝ። አታብላ ተብዬ አበላኋት።"

"አውቃለሁ" አሉኝ።

ወደሳቸው ዞርኩ።

"በዚያው ሳምንት ካርቶን ሣጥኔን ልወስድ መጥቼ ነበር፤ አንተ ታመሃል አሉኝ። ማርጋሬትን ምን እንደገደላት ጠየቅኳት። ካርዱን አውጥታ ሰጠችኝ። ስምህ ከሥሩ ነበር፤ ረዥም ስም ነው ያለህ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ስልክ ላይ የነገርከኝ ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ መቼ ትነግረኛለህ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሰባት ሚያዝያ ይፈጃል ብዬ ግን አላሰብኩም" ብለው ሳቁ።

"እኔን በስም የጠሩኝስ?"

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽህም። በኋላ ሣጥኑን የሚያይ ሰው ጠፋ ሲሉኝ፣ በራሱ ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ባዶውን ሣጥን ሞልቷል ብሎ አያጽናናኝም አልኩ። ልጆቼ ሲጠይቁኝ ባዶ ነው የምላቸው አንተ ስላልከኝ ነው። ዛሬ አምስት ናቸው እላቸዋለሁ።"

በሥራ ዘመኔ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል፣ ተጨብጭቦልኛል፤ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ቀን ግን የለም።

ሚስተር ኬን አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወደ ሣጥኑ ቀና አሉ። "ቢሆንም እንደገና ውጣና ቁጠርልኝ" አሉኝ።

ጉልበቴ እያመመኝ ወጣሁ። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፣ ተሳሳትኩ ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። ከዚያ መሰላሉን በግራ እጄ ይዤ ወደሳቸው ዞርኩና፣ ቀኝ እጄን ከፍ አድርጌ አምስቱን ጣቶቼን ዘረጋሁላቸው።